ውኃ የሌለበት የጉድጓድ ዜማ

ድርቁ ከአሬሮ ወደ ነገሌ ሲያባርረን ከመንጋችን የተረፈችው አንዲት ቀይ ላም ብቻ ነበረች። አባቴ ከከተማው ዳር ጎጆ ቀልሶ እኔን ትምህርት ቤት አስገባኝ። ወዶ አይደለም፤ የሚጠበቅ ከብት ስላልነበረ ነው።

የመዝሙር መምህራችን ከሰሜን የመጡ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ለወላጆች ቀን «የአገሩ ዜማ ካልተዘመረበት ምኑን የአገሩ ትምህርት ቤት ሆነ?» ብለው የቦረናን የጉድጓድ ዜማ መረጡ። ሰዎች በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ከታች እስከ ላይ ተደርድረው፣ ውኃ እየተቀባበሉ ከብቱን የሚጠሩበት ዜማ ነው። መሪው እኔ ሆንኩ። የእሳቸው ጭንቀት ዜማውን የሚያጅቡበት አኮርዲዮን ነበር፤ አንድ ቀን ያስገቡታል፣ በማግስቱ «ዜማውን አበላሸብኝ» ብለው ያስወጡታል። እኔ ግን እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎኝ አያውቅም። በአማርኛዬ ሲስቁብኝ የከረሙት ልጆች አፍ አፌን እያዩ ይከተሉኝ ጀመር።

አባቴ ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ።

«ውኃ በሌለበት ከብት አይጠራም» አለኝ በኦሮምኛ። «ጠርተህ ካላጠጣህ ዋሸህ። ልጄ ውሸት ከሚማር ትምህርቱ ይቅርበት።»

የአባቴ ቃል አንድ ነው። ጥግ ይዤ አለቀስኩ።

መምህሩ ነገሩን ሰምተው ጎጇችን ድረስ መጡ። «ናጋ ነው፣ አባባ?» ብለው በአገሩ ሰላምታ ሰላም አሉት።

«ናጋ።»

አባቴ የከፋው በአኮርዲዮኑ መስሏቸው ኖሮ «መሣሪያውን ትቼዋለሁ» ብለው ጀመሩ።

«እሱን አንቱ ያውቃሉ» አለ አባቴ በተሰባበረ አማርኛ። «ውኃው የታለ?»

መምህሩ «ይኖራል» አሉ።

በበዓሉ ቀን ተማሪው ከየቤቱ በቆርቆሮም በጠርሙስም ውኃ ይዞ መጣ። በዚያ ዓመት ከቤት ውኃ ማውጣት ቀላል ነገር አልነበረም፤ እናቱ የከለከለችው ባዶ እጁን መጣ። ያገኘነውን በርሜል ውስጥ ገለበጥንና ከበርሜሉ እስከ ከብት ማጠጫው ገንዳ ተደረደርን። ባልዲ እየተቀባበልን ያለ አኮርዲዮን ዘመርን። እኔ መጣራት ስጀምር አባቴ አጥሩ ጋ የያዛትን ላም ለቀቃት። አጥንቷ እየተቆጠረ፣ በእንግዶቹ መካከል አልፋ ድምፄን ተከትላ መጣችና ጠጣች። የተጋበዙት ባለሥልጣናት ወንበራቸውን ሸሸት አደረጉላት። ማንም አልሳቀም።

ላሟ ብዙም አልቆየች። ውኃው ቢገኝ ሣሩ አልነበረም። አንድ ማለዳ አባቴን ሞታ ከወደቀችበት አጠገብ ተቀምጦ አገኘሁት። ያለችን እሷ ብቻ ነበረች፤ ደብተሬን መሬት ላይ ጥዬ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ትምህርት ቤት የሚባል ነገር ያኔ አስጠላኝ።

አባቴ ደብተሬን አንስቶ አቧራውን በጋቢው ጠረገልኝ።

«ጠራሃት፣ አጠጣሃት» አለኝ። «አልዋሸሃትም። ሂድ ተማር።»