ፋሲካ የሌለው ጾም

ወተት የተውኩት ወተት ቤት እየሠራሁ ነው። ሱሉልታ ውስጥ አንድ የከብት እርባታ ወተት ተቀባይ ነበርኩ። ጠዋትና ማታ የታለበውን እቀበላለሁ፣ አለመበላሸቱን እፈትሻለሁ፣ ወደ ማቀዝቀዣው አስገለብጣለሁ። እዚያ ወንድ ጥጃ አይቆይም። በተወለደ በጥቂት ቀን መኪና መጥቶ ይወስደዋል። ስንቱ ሲወሰድ አይቼ ምንም ሳይመስለኝ ኖሬ ነበር።

አንዲት ጥቁር ላም ግን ሦስት ቀን ሙሉ እምቧ ስትል ሰነበተች። የሥራ ክፍሌ መስኮት በረቱን ያያል። ጥጃዋ ታስሮበት የነበረውን እንጨት ትልሰዋለች፣ ትዞራለች፣ ደግሞ ትመለሳለች። በሦስተኛው ቀን ድምጿ ተዘግቶ አፏን ስትከፍት ብቻ ነበር የማያት። ማታ ወተቷን አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት፤ ገና አልበረደም። ፈተሽኩት፣ ደህና ነበር፣ ተቀበልኩት። ቤቴ ስገባ ግን ለራሴ የያዝኩትን ወተት መጠጣት አቃተኝ።

መጀመሪያ ወተቱን ተውኩ፣ ቀጥሎ ቅቤውን፣ እንቁላሉን፣ በመጨረሻም ሥጋውን። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ቪጋን እንደሚባል በኋላ ስልኬ ላይ አነበብኩ። ያኔ ግን ለማንም አልተናገርኩም፤ መናገርም አላስፈለገኝም። ወሩ የካቲት ነበርና ሁዳዴ ገባ። ሃምሳ አምስት ቀን አገሩ ሁሉ የኔን ምግብ በላ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ በያይነቱ። እንደዚያን ጊዜ ከሰው ጋር የተስማማሁበት ወቅት ትዝ አይለኝም።

ከዚያ ፋሲካ መጣ።

አዲስ አበባ የነበረው የወላጆቻችን ቤት ከፈረሰ በኋላ ታላቅ እህቴ ከባሏ ጋር ቡራዩ ገባች፣ እኔ ሱሉልታ ተከራየሁ። ጎረቤቶቻችንም እንዲሁ በየአቅጣጫው ተበታተኑ። ከድሮው ሕይወት የቀረን ነገር ቢኖር ፋሲካን እህቴ ቤት አብሮ መፈሰክ ነበር። የዚያን ዓመትም በጠዋት ሄድኩ። ዶሮው ቀረበ። እህቴ እንደ ልማዷ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለኔ ጠቅልላ ዘረጋችልኝ። እኔ ፊቴን መለስኩ።

«አልበላም፣ እትዬ።»

«ምን ማለት ነው አልበላም? ጾሙ ተፈታ እኮ!»

«አውቃለሁ። እኔ ግን ትቼዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ሥጋውን፣ እንቁላሉን፣ ቅቤውን። ሁሉንም።»

እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። ባሏ ሳቅ ብሎ «ሃይማኖት ቀየርሽ እንዴ?» አለኝ። የላሟን ነገር ነገርኳቸው። እያወራሁ ሳለ ታሪኩ ለራሴም እያነሰብኝ ሄደ። አፌ ላይ ሲደርስ የአንዲት ላም ጩኸት ብቻ ሆነ።

እህቴ ጉርሻውን ትሪው ላይ መልሳ አስቀመጠችው። «ከትናንት ጀምሮ ሽንኩርት ሳቁላላ ዓይኔ ጠፋ፤» አለች ቀስ ብላ፣ «ለኔ አላዘንሽም። ለላም አዘንሽ።»

እንጀራ በቲማቲም በላሁ። ማንም ሂጂ አላለኝም፣ ቆዪ ያለኝም አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ታክሲ ይዤ ተመለስኩ። ከዚያ ቀን በኋላ መደዋወል ተውን።

በረቱ አጠገብ መሥራትም አልሆነልኝም። ሰበታ አንድ የጨርቅ ፋብሪካ ሥራ አገኘሁና ለቀቅሁ። ሥራዬ መብራት ሥር ቆሜ የሚያልፈውን ጨርቅ እያየሁ እንከን መልቀም ነው። ከጅማ መንገድ ገባ ብሎ ካለ ግቢ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ከተማውን አላውቀውም፣ እሱም አያውቀኝም።

አመጋገቤን ያበላሸው እንግዲህ ይሄ ብቸኝነት ነው። ለአንድ ሰው ወጥ መሥራት ያሰለቻል። ሽንኩርት ከትፎ፣ አቁላልቶ፣ ከዚያ ብቻውን ከድስት ጋር መፋጠጥ ማን ይወዳል? ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ቀን ዳቦ በሻይ። ማታ ደግሞ ደክሞኝ ስለምገባ ያንኑ። ሥጋ ስለተውኩ ብቻ ጤናማ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ወራት ሲያልፉ ጉልበቴ ከዳኝ። ማበጠሪያዬ ላይ ፀጉሬ በዛ። ጣቶቼ እኩለ ቀን ላይ እንኳን ይቀዘቅዛሉ። ሥራ የማበቃበት ሰዓት ሲደርስ ጨርቁ ዓይኔ ላይ ይንሳፈፋል፤ አንድ ቀን ክንድ የሚያህል ቀዳዳ አሳለፍኩና አለቃዬ ጠርታ «ምን ነካሽ?» አለችኝ። «ምንም፤» አልኳት።

ኅዳር ላይ ይመስለኛል፣ ከሥራ ስመለስ ታክሲ ውስጥ እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ ወያላው ትከሻዬን እየነካ ነበር።

«እህት፣ መጨረሻ ነው። ተፍኪ ደርሰናል።»

ሰፈሬን አልፌ ሌላ ከተማ ገብቻለሁ። ወርጄ አስፋልቱ ዳር ቆምኩ። ከሜዳው የሚመጣው ነፋስ ያንቀጠቅጣል። እስኪመሽ ድረስ የመልስ ታክሲ ስጠብቅ አንድ ነገር ገባኝ። ዘገየች ብሎ የሚደውልልኝ ሰው አልነበረም። ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ስልክ ተፍኪ ብሆንም ሰበታ ብሆንም አይጮኽም።

ግቢው ስገባ ከኔ ቀጥሎ ካለው ክፍል ደጃፍ ላይ አንድ ድምፅ ጠራኝ። ሽማግሌ ጎረቤቴ ናቸው። ዓይነ ስውር ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ መምህር ነበሩ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ግቢው ሁሉ ኦቦ፣ በኦሮምኛ አቶ እንደማለት፣ እያለ ነው የሚጠራቸው። እስከዚያ ቀን ከ«እንደምን ዋሉ» ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም።

«አካም ኦልቴ፣ ኢንተላ ኮ?» አሉኝ። እንደምን ዋልሽ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «የእርምጃሽ ነገር አልጣመኝም። የመጣሽ ሰሞን ጠጠሩን ረግጠሽ ነበር የምታልፊው፣ አሁን ትጎትቺዋለሽ። አሞሻል?»

«ደክሞኝ ነው፣ ኦቦ።»

«ዛሬ ምን በላሽ?»

«ዳቦ በሻይ።»

«ትናንትስ?»

ለማስታወስ ሞከርኩ። «ዳቦ በሻይ።»

«ጾም ላይ ነሽ?»

ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብዬ ስለ ላሟ ነገርኳቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። «ጥጃዋን መለሱላት?» ብለው ጠየቁኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

«የለም፤» አልኳቸው።

«አይ!» አሉ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ድምፃቸው የአስተማሪ ሆነ። «ስሚኝ። አባቴ በሁዳዴ ሲያርሱ እኔ ምሳ አደርስላቸው ነበር። በሶ፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ተልባ። ጠግበው ነበር የሚጾሙት። ያንቺ ጾም አይደለም፣ ረሃብ ነው። አንቺ ሥጋ ብቻ አይደለም የተውሽው፣ ምግብ ነው የተውሽው። ነገ ጤና ጣቢያ ሂጂ።»

ሄድኩ። ደሜን የወሰደችው ነርስ ወረቀቱን እያየች «ደምሽ አንሷል፤» አለችኝ። «ሥጋ ብዪ።»

«አልበላም።»

«እንቁላል?»

«አልበላም።»

«ወተት ታዲያ?»

«እሱንም።»

እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችኝ። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ታስረዳኝ ጀመር። ደሜን የሚያነሳ የብረት ኪኒን ትሰጠኛለች። ቢ ትዌልቭ የሚባል ቫይታሚን ግን ከእህልና ከአትክልት አይገኝም፤ እሱን እንደኔ ያለ ሰው በመርፌ ወይም በኪኒን ዕድሜ ልኩን መውሰድ አለበት። ጎመንና ምስር ላይ ሎሚ ልጭመቅ። «ሻይሽን ደግሞ ከምግብ አርቂው፤» አለች፣ «የምትበይውን ብረት እሱ ነው የሚነጥቅሽ።» ቀና ብላ ጨመረች፦ «የሌላው ሰው ጾም ይፈታል። ያንቺ ስለማይፈታ ከሌላው ሰው ይልቅ መጠንቀቅ አለብሽ።»

ያን ሰሞን ኦቦ ባቄላ አስነከሩኝ። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን እስኪበቅል እንጠብቃለን። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ የሳምንቱን ምስርና ሽሮ እሠራለሁ፤ እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው በማሽተት ብቻ «ሽንኩርቱ አልበሰለም፣ አትቸኩዪ» ይሉኛል። ሥራ ስሄድ በሶ በውኃ በጥብጬ በላስቲክ ጠርሙስ እይዛለሁ፤ ለውዝ በኪሴ አይጠፋም። ረፋድ ላይ ድካሙ ሳይጀምረኝ እጠጣለሁ። ሆድ ቀጠሮ ይወዳል ይሉኝ ነበር ኦቦ።

ማታ ማታ እሳቸው ደጃፋቸው ላይ፣ እኔ ደጃፌ ላይ፣ ሳህናችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን እንበላለን። ሬዲዮናቸው መሐላችን ያወራል። እሳቸው ሥጋ ሲያምራቸው ይበላሉ፣ እኔ ምስሬን እበላለሁ፤ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ሁለተኛውን ፋሲካ ያሳለፍኩት እንደዚህ ነው። እህቴ አልደወለችም፤ እኔም አልደወልኩም።

ኪኒኑን በጀመርኩ በሁለት በሦስት ወር ጣቶቼ ሞቀው ነበር። ጨርቁ መንሳፈፉን ተወ። አንድ ማታ ግቢው ስገባ ኦቦ ሬዲዮናቸውን ቀንሰው «ዛሬስ ሰው መጣ!» አሉ። ብርታቱን የሰጠኝ ኪኒኑ ይሁን፣ ባቄላው ይሁን፣ ወይስ ምን በላሽ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ማግኘቴ፣ ዛሬም ለይቼ መናገር አልችልም።

ሰኔ ላይ ልጃቸው ከወሊሶ መጥታ ወሰደቻቸው። ክረምቱን ብቻዎን አያሳልፉም አለች፤ ልክ ነበረች። ዕቃቸው አንድ ፍራሽ፣ አንድ ሣጥንና ሬዲዮው ብቻ ነበር። መኪናው ውስጥ ከገቡ በኋላ እጄን ፈልገው ያዙኝ።

«ሰው የለም ብለሽ ድስት መጣድ እንዳትተዪ፤» አሉኝ።

«እሺ፣ ኦቦ።»

ቃሌን ጠበቅሁ። ክፍላቸው የገቡት ባልና ሚስት ሳይነጋ ወጥተው ሲመሽ ነው የሚገቡት። ደጃፌ ላይ መብላቱን ትቼ ወደ ውስጥ ገባሁ። ግን ምስሩንም ባቄላውንም እሠራለሁ፣ ሰዓቴን ጠብቄ እበላለሁ።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ስልኬ ጮኸ። እህቴ ነበረች።

«ፍልሰታ ገባ፤» አለች። «አሁን ከኛ ጋር ትበያለሽ አይደል?»

በዚያው ቅዳሜ ቡራዩ ሄድኩ። ሽሮ፣ ሱፍ ፍትፍት፣ ድንች ወጥ፣ ሁሉንም ሠርታ ጠበቀችኝ። ጉርሻ ዘረጋችልኝ፣ ጎረስኩ። «ከስታለች ብለው ነግረውኝ ነበር እኮ፣ ደህና ነሽ፤» አለችኝ። ማን እንደነገራት አልጠየቅሁም። ስለ ፈረሰው ቤታችን፣ ስለ ድሮ ጎረቤቶቻችን አውርተን ሳቅን። ልወጣ ስል በር ላይ ያዝ አደረገችኝ።

«ሲፈታስ?»

«ሲፈታም እንዲሁ ነኝ፣ እትዬ።»

ራሷን ነቀነቀች። አልተቆጣችም። ግን ለፍችው ነይ ብላ አልጠራችኝም፤ እኔም እንድትጠራኝ አላስቸገርኳትም። እህቴን በጾም አገኛታለሁ ማለት ነው ብዬ ታክሲ ውስጥ አሰብኩ። ደግነቱ የኛ አገር ጾም ብዙ ነው።

ጾሙ የተፈታ ቀን ሥራ አልነበረም። ግቢው ከጠዋት ጀምሮ ዶሮ ዶሮ ሸተተ። ምስሬን በሎሚ በላሁ፣ ኪኒኔን ዋጥኩ፣ ዝናቡ ሲያባራ ወጣሁ። በጅማ መንገድ ዳር ዳሩን ወደ ጎረቤቱ ከተማ ወደ ዓለም ገና ሄድኩ። እዚያ ደርሼ አልቆምኩም፣ አልፌ ሄድኩ። ኅዳር ላይ ከታክሲ ወርጄ ግቢዬ እስክደርስ ሁለት ጊዜ እቀመጥ የነበርኩት እኔ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ሄጄ በእግሬ ተመለስኩ። እግሬ አልከዳኝም። ልቤም አልደነገጠም። ደስ አለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ፤ ለሰው ለመንገር ስልኬን አወጣሁና፣ እህቴ ጾም እየፈታች ነው፣ ኦቦ ስልክ የላቸውም፣ ማን ጋር እንደምደውል አጣሁ።

ቤቴ ደጃፍ ላይ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ጭቃ አጠብኩ።