በሼፍሻወን የሰጠሁት መልስ

ባለፈው ቅዳሜ ሜልበርን፣ ያራቪል ሰፈር ከምንከራየው ቤት ጎን የሚኖሩት ግሪካዊ ሽማግሌ የጓሮ ግድግዳቸውን ኖራ ሊቀቡ ሲዘጋጁ፣ እኔ ከሥራ ተመልሼ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ባልዲው ውስጥ ያለውን ኖራ በውኃ በጥብጠው ሰማያዊ ዱቄት ጣል ሲያደርጉበት፣ ያ እርጥብ፣ አፍንጫ የሚቆነጥጥ ሽታ አጥሩን ተሻግሮ መጣና የያዝኩት አንሶላ ከእጄ አምልጦ ሣሩ ላይ ወደቀ። ልጄ ከበረንዳው ሆና «ማም፣ አር ዩ ኦኬ?» አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት፤ ግን አልነበርኩም። ሞሮኮ ውስጥ፣ ሼፍሻወን በምትባል የተራራ ከተማ፣ በዘጠኝ ዓመቴ የአባቴን እጅ ይዤ ቆሜ ነበር።

አባቴን መንግሥት የመስኖ ትምህርት እንዲማር ለሁለት ዓመት ወደ ራባት ሲልከው እናቴንና እኔንም ይዞን ሄደ። ትምህርቱ ሊያልቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት «በአስቸኳይ ተመለስ» የሚል ደብዳቤ ከአዲስ አበባ መጣለት፤ ከእሱ በፊት እንዲህ ያለ ደብዳቤ ደርሷቸው የተመለሱ ሁለት ጓደኞቹ ደግሞ ድምፃቸው ጠፍቶ ነበር። ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የገባኝ ቤታችን ውስጥ ሹክሹክታ መብዛቱና እናቴ ወጥ ላይ ጨው መርሳት መጀመሯ ብቻ ነው።

ጭንቀቱን ሊያስረሳን ብሎ ይመስለኛል፣ አንድ እሑድ አባቴ አስጎብኚ ባለው አውቶብስ ቦታ ያዘልን። ዳገቱን ስንያያዘው እኔ ሁለት ጊዜ አስመለሰኝ፤ እናቴ ደግሞ ለክብሯ ብላ ባለተረከዝ ጫማ አድርጋ ስለነበር፣ በዚያ የድንጋይ ደረጃ ላይ አንዴ የአባቴን ትከሻ፣ አንዴ የማታውቃትን ፈረንሳዊት አሮጊት ክንድ እየያዘች ስትወጣ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ግድግዳው፣ በሩ፣ ደረጃው ሁሉ ሰማያዊ ነው፤ ሴቶች ጎንበስ ብለው ደጃፋቸውን ኖራ ይቀባሉ፣ ከየጠባቡ መንገድ ትኩስ ዳቦ ይሸታል። አስጎብኚያችን ሲ አብደሰላም የሚባሉ («ሲ» እንደ እኛ «አቶ» ነው)፣ ከመናገራቸው በፊት ሁልጊዜ ጉሮሯቸውን የሚጠርጉ ሰው ነበሩ፤ እሳቸው በፈረንሳይኛ ይናገራሉ፣ አባቴ ለእኛ ይተረጉማል። ከተማዋን ያቀኗት ከስፔን ሸሽተው የመጡ ሰዎች መሆናቸውን ሲተረጉም እናቴ ሳቋን አቆመች።

«ሰማህ ታዬ? ሸሽተው መጥተው ነው ከተማ ያቀኑት።»

«እነሱ የሚመለሱበት አልነበራቸውም» አለ አባቴ። «እኔ ምን አጠፋሁና እሸሻለሁ?»

ከተራራው የሚወርደው ምንጭ ዳር ተቀምጠን አባቴ ብርቱካን ላጠልን። ከዚያ ቀልድ በሚመስል ድምፅ፣ «እስቲ አንቺ ፍረጂን፤ እንመለስ ወይስ እዚሁ እንቅር?» አለኝ። እናቴ ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። እኔ የማስበው አዲስ አበባ ለጎረቤት አደራ የተውነውን ቡችላዬን ነበር፤ ይረሳኛል ብዬ እሰጋ ነበር። «እንመለስ!» ብዬ ጮህኩ። አባቴ ግንባሬን ሳመኝና «በቃ፣ ተፈረደ» አለ።

ተመለስን። ቡችላው ትልቅ ውሻ ሆኖ ጠበቀኝ፤ ሳያውቀኝ ቀርቶ ጮኸብኝ። በሦስተኛው ሳምንት ሰዎች መጡና «ለአጭር ጥያቄ ነው» ብለው አባቴን ወሰዱት። እናቴ ለወራት ስንቅ አመላለሰችለት፤ አንድ ቀን በሩ ላይ «ከእንግዲህ አታምጪ» ብለው ሳህኑን እንደ ሞላ መለሱላት። አስከሬን አልሰጡን፣ መቃብርም የለውም።

እናቴን ሜልበርን ካመጣኋት በኋላ አሥር ዓመት አብረን ስንኖር ስለዚያ እሑድ አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ባለፈው ዓመት፣ ሆስፒታል ተኝታ፣ ልትሞት ሳምንት ሲቀራት ጨከንኩና ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ ያን ቀን አባባ ሲጠይቀኝ …»

«ልጅ ነበርሽ» አለችኝ ወዲያው፤ አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ነገር ትናንት ያቆምነው ይመስል። ከዚያ ግን እጄን ያዝ አድርጋ፣ «እንቅር ትይልኛለሽ ብዬ በጣም ጠብቄ ነበር» አለች።

እጄን አልለቀቀችም። ብትለቀው ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ ሼፍሻወንን ማየት የፈለገ ሁሉ በስልኩ ቡክ አድርጎ ይሄዳል፤ ደረጃውም ምንጩም እዚያው አሉ። ያን እሑድ አብረውኝ የነበሩት ግን የሉም፤ ተሳስቼ ባወራው እንኳ የሚያርመኝ ሰው የለኝም። አባቴን ሲወስዱት ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነበር። እኔ አርባ ስድስት ሞላኝ። ፎቶግራፉን ስመለከት አባት ማየት አቅቶኛል፤ የማየው በስምንት ዓመት የሚያንሰኝ፣ ምክር የሚጠይቀው ትልቅ ሰው አጥቶ ልጁን የጠየቀ አንድ ወጣት ነው።