ነጠላ ያዘቀዘቁ ሠርገኞች

እትዬ ጥሩነሽ ለቅሶ ይወዳሉ ቢባል ሐሜት ይሆናል፤ ሐዘንተኛ ይወዳሉ ቢባል ግን እውነት ነው። ጅጅጋ ውስጥ ድንኳን በተጣለበት ደጅ ሁሉ አሉ። የክርስቲያን ቤት ከሆነ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ ላይ አንገታቸው ሥር አድርገው ይገባሉ። የሶማሌ ቤት ከሆነ ፀጉራቸውን በሻሽ ጥፍር አድርገው አስረው፣ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ «ሰሚር ኢዮ ኢማን» ይላሉ፤ ትዕግሥትና እምነት ይስጣችሁ ማለት ነው። ሶማሊኛቸው ከዚህችና ከገበያ ክርክር ብዙም አያልፍም። ቀልደኛ ጎረቤቶች «ጥሩነሽ ያልደረሰችለት እንደሞተ አይቆጠርም» ሲሉ እሳቸውም መልስ አላቸው፦ «ቀልዱ፣ ቀልዱ፤ የእናንተንም እደርሳለሁ።»

ነገሩ ከአባታቸው የመጣ ነው። አባትየው ካራማራ ሥር ሰፍረው የቀሩ ወታደር ነበሩ። «ዘመድህን ትተህ በመጣህበት አገር ዘመድህ ለቅሶ የደረስክለት ሰው ነው» እያሉ አሳደጓቸው። እውነትም ሆነ። ባላቸው አቶ ጌታሁን ሲያርፉ፣ ጨርቅ ነጋዴዋ ጎረቤታቸው ሀሊሞ ሱቃቸውን ዘግተው ከአጠገባቸው ሳይነሡ ሰነበቱ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች እህትማማች ናቸው፤ ሲጣሉም እንደ እህት ነው።

እትዬ ጥሩነሽ አንድ ልጅ ብቻ አላቸው፤ ነቢዩ ይባላል። ከጅጅጋ ቀብሪበያ ሚኒባስ ይነዳል። ጨዋ ነው፣ ሠራተኛ ነው፣ ግን ከሴት ጋር ሲያወራ ማርሽ ይጠፋበታል። ሠላሳ አምስትን ከተሻገረ ቆይቷል፤ እናቱም ለስንት ታቦት እንደተሳሉለት እሳቸው ራሳቸው አያስታውሱትም። ስለዚህ ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ምሳ ላይ «እማዬ፣ ሰው አግኝቻለሁ» ሲላቸው፣ የጠቀለሉት እንጀራ እጃቸው ላይ ቀረ።

ልጅቷ ሶሲና ትባላለች። የምትኖረው አዲስ አበባ ነው። ፌስቡክ ላይ ከተዋወቁ ወራት አልፏቸዋል፤ በአካል ግን ተገናኝተው አያውቁም። ወንድሟ ለነቢዩ ውጭ አገር የሹፌርነት ሥራ አግኝቶለታል፤ ሰኞ ፓስፖርቱን ይዞ ከመጣ ሌላውን እነሱ ይጨርሱለታል። ሚኒባሱንም ለባለቤቱ ሊያስረክብ ተነጋግሯል።

እትዬ ጥሩነሽ ደስታና ድንጋጤ አንድ ላይ መጣባቸው። የሚያገባላቸውን ልጅ ሲለምኑ፣ የሚሄድባቸውን አገኙ። ቢሆንም እናት ናቸው፤ ዋጥ አደረጉትና «እስቲ አሳየኝ» ብለው መነጽራቸውን ሰኩ።

ስልኩ ላይ ያለው ፎቶዋ ቆንጆ ነው፤ ዓይኗ ትልቅ፣ ጥርሷ የተደረደረ። እትዬ ጥሩነሽ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት።

«ምነው ልጄ፣ ማን ሞቶባት ነው?»

«ማንም አልሞተባትም እማዬ። አባቷም ሊመርቁኝ እየጠበቁኝ ነው።»

«ነጠላዋን አዘቅዝቃለች እኮ! ጥለቱ አንገቷ ሥር ነው፣ አታይም እንዴ?»

ነቢዩ አየ፤ ግን ለእሱ ነጠላ ነጠላ ነው። እናቱ ግን ሌላ ወሬ አልሰማ አሉ። ሐዘንተኛ ቤት ሳያስተዛዝኑ የጋብቻ ወሬ ማንሣት ነውር ነው፤ የጥሩነሽ ልጅ ሆኖ ይህን ነውር ከሠራ ነገ ማን ፊት ይቆማሉ? ጠይቃት አሉት። ጠየቃት። መልሱ ትንሽ ቆይቶ መጣ፦ «አዎ ውዴ፣ አባቴ አርፎብኛል።»

«አባቷ ሊመርቁኝ እየጠበቁኝ ነው አላልክም?»

«ምናልባት… አሁን በቅርቡ ይሆናል» አለ ነቢዩ። ለወደዱት ሰው ሰበብ ለማግኘት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

እትዬ ጥሩነሽ ስለማያውቋቸው አባት እውነተኛ እንባ አለቀሱ። ከዚያ ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠግተው ድምፅ ቀዱ፦ «ልጄ ሶሲና፣ ነፍስ ይማር። እግዚአብሔር ያጽናሽ። ሐዘን ብቻሽን አትቀመጪ፣ እኔም ከነቢዩ ጋር መጥቼ ለቅሶ እደርሳለሁ። ቤታችሁ የት ሰፈር ነው?»

መልሱ በጽሑፍ መጣ፤ ከጎኑ የአበባ ሥዕል ተደርድሯል። ነቢዩ ካነበበው በኋላ ፊቱ ልክ አልነበረም።

«ምን አለች?»

«"አመሰግናለሁ እናቴ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን" ነው የምትለው።»

እትዬ ጥሩነሽ በዕድሜያቸው ብዙ ሐዘንተኛ አይተዋል። የሚጮኽ፣ ዝም የሚል፣ ያለቦታው የሚሥቅ ሁሉ አይተዋል። «ነፍስ ይማር» ሲባል «እንኳን አብሮ አደረሰን» ያለ ሰው ግን አላጋጠማቸውም። ቢሆንም በሐዘንተኛ አይፈረድም አሉና «ተደናግራ ነው፣ ምስኪን» ብለው አለፉት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነቢዩ ደጅ ላይ እየጠበቃቸው ነበር። ሌላ ፎቶ ልካለታለች፤ የታናሽ እህቷ ሠርግ ነው፣ ባለፈው ወር የተነሣነው ብላዋለች። እዪው፣ ደስተኛ ናት፣ ሊላቸው ነው። እትዬ ጥሩነሽ እዚያው ቆመው አዩት። ሶሲና ትሥቃለች፤ ነጠላዋ አሁንም ተዘቅዝቋል። ከጎኗ ያለችው ሚዜም አዘቅዝቃለች። ከኋላ የቆሙት አሮጊቶችም፣ አጨብጫቢዎቹም፣ ሙሽራዋ ራሷም።

«ነቢዩ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሠርገኛው በሙሉ ለቅሶ ላይ ነው።»

ያኔ ነው ነቢዩ ፎቶውን በጣቱ ለጥጦ ያየው። ከዚያ በፊት ያላየው ፎቶው ስለደበቀው አይደለም፤ ለማየት ስላልፈለገ ነው። ከሶሲና ጆሮ አንዱ ላይ ቀለበት ጉትቻ አለ፤ ሌላው ላይ ያለው ጉትቻ ከሥጋዋ ጋር ተዋሕዷል። የነጠላዋ ጥለት ትከሻዋ ላይ ደርሶ ፀጉር ይሆናል። የአንዲቱ አጨብጫቢ እጅ ላይ ጣቱ በዝቷል።

«ኤአይ ነው» አለ። ድምፁ ከሩቅ የመጣ ይመስል ነበር። «ኮምፒውተር የሣላት ናት፣ እማዬ። እንዲህ ያለች ሴት የለችም።»

በቪዲዮ ደወለላት። አልተነሣም። ደግሞ ደወለ። ሦስተኛውን ሲሞክር ገጹ ራሱ ጠፍቶ ነበር፤ የወራት ወሬ ሁሉ አብሮ ሄደ።

እትዬ ጥሩነሽ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። «ሰኞ ማን ሊቀበልህ ነበር?»

«አላውቅም።»

«ፓስፖርትህን ማን ሊወስድ ነበር? ወዴት ሊልክህ?»

«አላውቅም አልኩሽ እኮ።»

«እኔ ለሰው ሁሉ ለቅሶ የምደርሰው ሴት፣ ለአንተ የት ብዬ እደርስ ነበር ነቢዩ?» አሉና አለቀሱ። ያንን ያደረገውን ሰው ረገሙት፤ እጁን፣ ዓይኑን፣ እንጀራውን። ረግመው ሲጨርሱ ቀና ብለው ልጃቸውን ቢያዩት ግን እርግማኑ ምንም አልጠቀመውም። መዳኑን እሳቸው አወቁት እንጂ እሱ ገና አላወቀውም። እሱ የሚያውቀው ጠዋት ጠዋት ገና ሚኒባሱን ሳያሞቅ «እንዴት አደርክ» የሚለው ሰው እንደሌለ ብቻ ነው።

ሰኞ ሥራ አልወጣም። ማክሰኞም። መናኸሪያው ወሬውን ሰምቶታል፤ አንዱ ሹፌር ያለአፍታ እረፍት «የኮምፒውተሯ ሙሽራ ደህና ናት?» ብሎ እየደወለ ይሥቃል። ነቢዩ ስልኩን አጥፍቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ምግቡም እንደቀረበ ይመለሳል።

እትዬ ጥሩነሽ በሩ ላይ ቆመው ሲያዩት ቆዩ። ይህን አተኛኘት ያውቁታል፤ ጌታሁን የሞተ ጊዜ እሳቸው ራሳቸው እንዲህ ነበር የተኙት። ጓዳ ገቡና ነጠላቸውን አወጡ፣ ጥለቱን ወደ አንገታቸው አድርገው አዘቀዘቁት፤ ከልጃቸው እግር ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። 

ሀሊሞ በፔርሙዝ ሻይ ይዘው ሲገቡ ነጠላውን አይተው በሩ ላይ ደረቁ።

«ወላሂ! ማን ሞተ?»

«የነቢዩ እጮኛ» አሉ እትዬ ጥሩነሽ።

ሀሊሞም ወሬውን ሰምተዋል። ሣቅ ከንፈራቸው ጥግ ድረስ መጥታባቸው ነበር። ግን የጎረቤታቸውን ነጠላ አዩ፤ ቀጥሎ ከግድግዳው ጋር የተጣበቀውን ትልቅ ሰውዬ አዩ፣ ልጅ እያለ እሳቸው ቤት ሩዝ በሙዝ እየበላ ያደገውን። ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ። ሻሻቸውን አጠበቁ። ገብተው ከእትዬ ጥሩነሽ ጎን ምንጣፉ ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ነቢዩ ትከሻ ላይ አሳረፉ።

«ሰሚር ኢዮ ኢማን፣ ልጄ።»

ነቢዩ መጀመሪያ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ወደ እነሱ ዞረ።

«አሚን» አለ፤ እንደሚገባው። ወዲያው እንባው መጣ።

እናቱ አላባበሉትም፤ ሐዘንተኛ እስኪወጣለት ያልቅስ ነው የሚሉት። ሀሊሞም የፔርሙዙን ክዳን ከፍተው ለሦስቱም ሻይ ቀዱ።