ሞጣ የታሸው ጉልበቴ

ልጅ እያለሁ ብቸና ውስጥ ቁምጣ ከማይለብሱ ወንዶች አንዱ እኔ ነበርኩ። ጨዋነት እንዳይመስላችሁ፤ በግራ ጉልበቴ አፍሬ ነው። ሳልወድቅ፣ ማንም ሳይመታኝ፣ ማታ ደህና የነበረው ጉልበቴ ጠዋት ስነሳ ቅል አክሎ፣ እሳት ሆኖ ይጠብቀኛል። የሰፈር ልጆች «እንቁላል» ብለው ስም አወጡልኝ፤ ከነኩት ይሰበራል ለማለት። ኳስ ሲጫወቱ የእኔ ሥራ ልብስ መጠበቅ ነበር። እናቴ ደግሞ ስገረዝ ደሜ አልቆም ብሎ እንዴት እንደተረፍኩ ለጎረቤት እያነሳች ታለቅሳለች። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አባቴ በልቅሶ የሚያምን ሰው አልነበረም። «ወልቆ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል!» አለና አንድ ቀን በአውቶብስ፣ በግንደወይን በኩል ሞጣ ወሰደኝ። እዚያ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ ስመ ጥር ወጌሻ ነበሩ። የወለቀውም የተሰበረውም ሁሉ የሚውለው እሳቸው በረንዳ ላይ ነው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ አላህ ይማራቸው። ቅቤውን በመዳፋቸው እያሟሹ «ወንድ ልጅ እሪ አይልም፤ እሺ ጀግናዬ?» አሉኝ። አባቴ ከኋላዬ ሆኖ ትከሻዬን ጥፍር አድርጎ ያዘኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ጉልበቴ ነው የሚያውቀው።

ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ያየኛል። የአባቴን ጋቢ ጫፍ ነክሼ ትንፍሽ ሳልል ቻልኩት። ሲጨርሱ «እንዴት ነው?» ቢሉኝ «ተሻለኝ» አልኩ። በረንዳው በሙሉ «ወንድ ማለት ይሄ ነው!» አለ። አባቴ የዚያን ቀን የኮራብኝን ያህል ከዚያ በፊት ኮርቶብኝ አያውቅም። ስንመለስም ለሾፌሩም ለረዳቱም «አንዲት እህ አላለም እኮ!» እያለ ሲያወራ መጣ። ጉልበቴ ግን ገና ደብረ ወርቅ ሳንደርስ ሱሪዬን ወጥሮት ነበር።

ታዲያ ያን ኩራት በምን አፌ ላፍርስበት? ቤት ስንገባ «ተሻለኝ»፣ በማግስቱም «ተሻለኝ»። ደግመን ሄድን፤ ታሸሁ፣ ጋቢውን ነከስኩ፣ ተመሰገንኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እየሰማሁ ነው የደበቅኩት። እግሬም ታጥፎ ቀረ።

የበሽታውን ስም ያወቅነው ካደግኩ በኋላ ነው፤ ሄሞፊሊያ ይባላል። ደሜ እንደ ሰው ደም ቶሎ አይረጋም፤ ጉልበቴ የሚያብጠው ውስጡ እየደማ ኖሯል። የሚደማን ጉልበት እንደዚያ ማሸት ማለት እንግዲህ... ይቅር፣ ገብቷችኋል።

አሁን ባሕር ዳር ፊዚዮቴራፒ እመላለሳለሁ። መምህር ነኝ፤ ጉልበቴ ትንሽ ከተዘረጋልኝ ቆሜ አስተምራለሁ፤ እምቢ ካለ የሚጠብቀኝ ክራንች ነው። አባቴ እርጅናውም አላገደው፣ «ብቻህን አትሄድም» ብሎ ይከተለኛል። ባለፈው ደም የሚያረጋውን መድኃኒት ከተወጋሁ በኋላ ባለሙያዋ፣ ገና ልጅ እግር ናት፣ ጉልበቴን በሁለት እጇ ደግፋ ቀስ እያለች ትዘረጋው ጀመር። ሱሪዬን ስሰበስብ እንደ ድሮው አፍሬ ነበር። «ሲያምዎ ይንገሩኝ፤ እንዲችሉት አልፈልግም» አለችኝ። እኔ ግን የለመደብኝ አመል ሆኖ ጥርሴን ነከስኩ። ፊቴን አይታ «ይንገሩኝ» ስትል ደገመችልኝ። ሠላሳን ያለፍኩ ሰውዬ፣ አባቴ ቁጭ ብሎ እያየኝ፣ ላብ እያጠመቀኝ «አመመኝ» አልኩ። እጇ እዚያው ቆመ።

በቃ? ይህችን ቃል ማውጣት ኖሯል ያቃተኝ?

አባቴ ዓይኑን ከቆመው እጅ ላይ አልነቀለም። ስንወጣ በሩ ላይ ክንዴን ያዘና፣ ዓይኔን እየሸሸ፣ «ያኔ ሞጣ፣ እኔ ስይዝህ፣ እንዲህ አሞህ ነበር?» አለኝ። ድሮ የማፍረው እኔ፣ የሚኮራው እሱ ነበር። አሁን እሱ ሲያፍር ማየት ከሁሉም ባሰብኝ።

«ኧረ አባባ! ያን ያህል እንኳን አልነበረም» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ።

«አይ ልጄ፤ ዛሬም ልታኮራኝ ነው?»