ቀድሜ ያጽናናኋት ዕለት

እግሬ አንድ ቤት አይረጋልኝም፤ ከአንዱ ልጄ ወደ ሌላው ስዞር እከርማለሁ። ያን ሰሞን አጅባር ሳለሁ የክርስትና ልጄ ወንድም ሞተና ቀብሩ ላይ ዋልሁ። እሷን ባጣት መንገዱ ርቋት ነው ብዬ ዝም አልሁ። በሦስተኛው ቀን እሷ ወዳለችበት መካነ ሰላም ተሳፈርሁ።

ከመናኸሪያው በር ሽንኩርት ስትመርጥ አገኘኋትና እቅፍ አድርጌ፣ «እግዜር ያጥናሽ ልጄ» አልኋት።

«በማን?» አለች።

ዐይኗ ለሐዘን ባዘቀዘቅሁት ነጠላዬ ላይ ዋለ። ከዚያ ወደቀች፤ ግንባሯም በድንጋይ ተፈነከተ።

ለካ ዘመዶቿ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ተሰብስበው ሊያረዷት ተማክረው ኖሯል። መርዶ እንዲያ ነው፤ ስትወድቅ የሚይዛት ክንድ ከጎኗ ይደረደራል። እኔ ከሽንኩርት ነጋዴዎች መሀል ጣልኋት።

ማታ ባረፍሁበት በልጄ ቤት የልጅ ልጄ ነገሩን አቀለለችው። «ሶሪ ይበሏት እማማ፣ በቃ።» ይችን ቃል ከአፏ አውቃታለሁ። እግሬን ስትረግጠኝ ሶሪ፣ ስጠራት ሳትሰማኝ ስትቀር ሶሪ፣ የጓደኛዋ እናት የሞተች ጊዜም በስልክ ሶሪ ነው ያለቻት። እኔ ግን ሁለት ነገር ነበረብኝ፤ ማጽናናትም፣ አፉ በይኝ ማለትም። የቱን ላስቀድም? ማጽናናቱን ያለ ጊዜው አጥፍቼዋለሁ። ደግሞ በክርስትናዋ ቀን ታቅፌ ያነሳኋት እኔ ነኝ፤ እሷ ከጨከነችብኝ ያን የቤተ ክርስቲያን ደጅ በምን ዐይኔ አየዋለሁ?

ጠዋት ለቅሶ ቤት ሄድሁ። አጎቷ ከድንኳኑ አፍ ላይ ቆመው፣ «ደግሞ ማን ሞተ ልትይን መጣሽ?» አሉኝ። አንዳንዱ ሰው ሳቁን በነጠላው ሸፈነ። አልፌያቸው ወደ ቤቱ ገባሁ። ግንባሯ በጨርቅ ታስሯል። እግሯ ሥር ተንበረከክሁ።

«አፉ በይኝ ልጄ። ያወቅሽ መስሎኝ ነው።»

ቀና ብላም አላየችኝ። ጎረቤቶቿ እርስ በርስ ተያዩ።

«አፉ ብያለሁ» አለች በመጨረሻ። «ግን ዛሬ አጠገቤ አይቀመጡ። ድምፅዎን ስሰማ እንደ አዲስ ይሞትብኛል።»

ተነስቼ ከበሩ ሥር፣ ጫማ ከሚወልቅበት፣ ተቀመጥሁ። ድንኳኑ እስኪነሳ በየቀኑ ሄድሁ፤ አንድም ቃል ሳልናገር እየዋልሁ ተመለስሁ።