እግሬን ያንሸራተተው ላብ

መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው። በምኖርበት በሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ወደ አውቶቡስ ፌርማታ ስሄድ፣ ከሰው ሠራሽ እግሬ ውስጥ ውሃ የገባው ጫማ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ዝናብ ግን አልዘነበም።

ግራ እግሬ ከጉልበት በታች የተቆረጠው በመኪና አደጋ ነው። በአዲሱ እግር መራመድ ስለምድ፣ ጎረቤት ከተማ አሌክሳንድሪያ፣ ሕፃናት ወደምጠብቅበት ዴይኬር ተመለስኩ። ብርዱን በደህና አለፍኩ። ሙቀቱ ሲገባ ግን የተረፈውን እግሬን፣ ጉቶዬን፣ የሚሸፍነው ላይነር የሚባለው የሲሊከን ልባስ ላብ ያቁር ጀመር። ቆዳዬ ነጣ፤ ተጨማደደ። አፈርኩና ለማንም አልተናገርኩም።

አንድ ቀን የዓመት ልጅ ታቅፌ ስራመድ ሰው ሠራሹ እግሬ ጉቶዬ ላይ ዞረ። ተንሸራተተ። ግድግዳው ያዘኝ። ልጅቷን በደረቴ ጨምቄ ቁጭ አልኩ። ምንም አልሆነችም። እየሳቀች ነበር።

የዴይኬሩ ባለቤት እትዬ አልማዝ አጠገቤ ተቀመጡ። "ሒሩትዬ፣ ሥራሽ ያንቺው ነው። ግን ይሄ ነገር ፊክስ እስኪሆን ልጅ እንዳታነሺ" አሉኝ።

ልክ ነበሩ። ግን ልጅ የማታነሳ ሞግዚት ምን ልትሠራ ነው?

አገር ቤት ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ስለ ላብ ዕጢ ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ ስለ ራሴ ላብ ግን ጠይቄ አላውቅም። ምን ያህል እንደሚያልበኝ ለማወቅ ደረቅ ጨርቅ በኩሽና ሚዛን መዘንኩ፤ ጉቶዬንና ላይነሩን ጠርጌበት ደግሜ መዘንኩ። በየቀኑ ጻፍኩ። በኤሲ በቀዘቀዘ ቤት ቁጭ ብዬ በዋልኩበት ቀን እንኳ ጨርቁ ከብዶ ተገኘ። ገረመኝ።

ደብተሬን ይዤ ቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። "የታፈነ ቆዳ ያልበዋል" አለችኝ። "ደግሞ እግርሽ ተቆርጦ ቆዳሽ ስለቀነሰ፣ ሰውነትሽ ሙቀቱን የሚያስወጣው በቀረው ነው።" አሉሚኒየም ክሎራይድ ያለበት ቅባት አዘዘችልኝ፦ ስተኛ፣ በደረቀ ቆዳ ላይ፤ ጠዋት የሚታጠብ። ካልሠራ ላብ የሚያግድ የቦቶክስ መርፌ እንዳለም ነገረችኝ።

የመጀመሪያው ሳምንት አቃጠለኝ። ለካ ከሻወር እንደወጣሁ፣ ቆዳዬ ሳይደርቅ ነበር የምቀባው። ጥፋቱን ካረምኩ በኋላ ጨርቁ በየሳምንቱ እየቀለለ ሄደ። ሰው ሠራሽ እግሬን የሠራው ባለሙያ ደግሞ ጉቶዬ እንደከሳ አይቶ ሶኬቱን፣ ጉቶዬ የሚገባበትን ቀፎ፣ አስተካከለልኝ፤ ከላይነሩ ሥር የሚለበስ ላብ የሚመጥ ስስ ካልሲም ጨመረልኝ። ልጆቹ ቀን ሲተኙ እግሬን አውልቄ ጉቶዬን አደርቃለሁ፣ ሁለተኛ ላይነር እቀይራለሁ። አንዱ የሦስት ዓመት ልጅ ዓይኑን ገልጦ አየኝና፣ "የአንቺም እግር ናፕ ያደርጋል?" አለኝ። አዎ አልኩት። እትዬ አልማዝም ስረማመድ በዓይናቸው ሲከተሉኝ ሰነበቱና፣ አንድ ጠዋት የሚያለቅስ ሕፃን አምጥተው እጄ ላይ አስቀመጡት።

ዛሬም ጨርሶ አልደረቅኩም፤ የዚህ አገር የሐምሌ ሙቀት አሁንም ያስቸግረኛል። ይህ ለደረሰባችሁ የምለው፦ ላይነራችሁን በየቀኑ ሽታ በሌለው ሳሙና እጠቡ። ቆዳችሁ ከቆሰለ ቅባቱን ተዉት፣ እግሩን አታጥልቁ፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ከሁሉ በፊት ግን ተናገሩ። ያን ቀን ሐኪሟ ፊት "ያልበኛል" የሚለውን ቃል ለማውጣት ስታገል፣ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበችና "ጊዜ አለን" አለችኝ። ከመድኃኒቱ ይልቅ የማመሰግናት ለዚያ ነው።