የውስጥ ገቢ የሆነው ባሕር ዛፍ

ቢቸና ተቀምጬ የአንድ ወረዳ በጀት በምሠራበት ጊዜ ጥናት መጣብን። የገንዘብ ሥልጣን ከማዕከል ወደ ወረዳ ምን ያህል እንደ ወረደ የሚለካ ጥናት ነው። ለሥልጠናው ሞጣ ሄድን። አሠልጣኙ መለኪያውን ሰሌዳ ላይ በአንድ መስመር ጻፈው፦ ወረዳው ራሱ የሰበሰበው ገቢ ለጠቅላላ ወጪው ሲካፈል። የቀረው ድጎማ ነው። ድጎማ የበዛበት ወረዳ ገና በራሱ አልቆመም፣ አለን። «ድጎማው ደመወዝ ሆኖ ካለቀ ማን ወሰነበት ይባላል?» ብዬ ጠየቅሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው ብሎ ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈ።

ተመልሼ ቅጹን ስሞላ የእኛ ቁጥር አሳፋሪ ሆነ። ይህ ነው የሚባል ገበያ የለንም፤ የምንሰበስበው በአብዛኛው የመሬት ግብር ነው። በሥልጠናው አጠገቤ ተቀምጦ የነበረው የሞጣ ባለሙያ ደግሞ በየቀኑ እየደወለ «ስንት ወጣላችሁ?» ይለኛል፣ እየሳቀ። የእነሱ ከተማ ነጋዴ ሞልቷታል፤ ለእሱ መሳቅ ቀላል ነው። እኔ እልኸኛ ነኝ፤ ነገሩ እንቅልፍ ነሣኝ ባልልም ምሳዬን አበላሽቶብኛል።

በእኛ አገር ትምህርት ቤት ሲሠራ ገበሬው ድንጋይ ያግዛል፣ ጭቃ ያቦካል፣ ባሕር ዛፉን ይቆርጣል። መንግሥት ቆርቆሮና ምስማር ያመጣል። የሕዝቡን ጉልበትና እንጨት በብር ተምነን ሪፖርት ማድረግ የቆየ ልማዳችን ነው። በዚያ ዓመት አንድ ቀበሌ የአራት ክፍል ግድግዳ አቁሞ ቆርቆሮ ይጠብቅ ነበር። ቅጹ ላይ ግን ለእንዲህ ያለው ነገር ቦታ የለም። ስለዚህ የየቀበሌውን ግምት ሰብስቤ «የውስጥ ገቢ» ከሚለው ጋር ደመርኩት። ውሸት አልመሰለኝም። ሕዝቡ ማንንም ሳይጠብቅ ከሠራው ሥራ በላይ ራስን መቻል ምን አለ? ቁጥሩ ቀና አለ፣ ኃላፊያችን አመሰገነኝ። ያን ቀን ወደ ሞጣ የደወልኩት እኔ ነበርኩ።

ቁጥሩ ለጥናት ብቻ መስሎኝ ነበር። በጀት ሲደለደል ግን የተሻለ የውስጥ ገቢ አላቸው ከተባሉት ተርታ ተመደብንና ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ወረዳዎች የሚሰጠው የግንባታ ማሟያ ቀረብን። ቆርቆሮው ሊገዛ የታሰበው በዚያ ገንዘብ ነበር። የማስተካከያ ደብዳቤ ጻፍኩ። መረጃው ተዘግቷል የሚል መልስ መጣልኝ።

ግንቦት ላይ የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ ቢሮዬ መጡ። ለገዛ ቤታቸው ማደሻ ያቆዩትን ባሕር ዛፍ ለክፍሎቹ ያስቆረጡ ሽማግሌ ናቸው። ወንበር ሰጥቻቸው የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ጥፋቱ የእኔ መሆኑንም አልደበቅሁም። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፣ አልተቆጡም።

«እስቲ እንጨቴ የተጻፈበትን አሳየኝ፣ ልጄ» አሉ።

ኮምፒውተሩን ወደ እሳቸው አዞርኩት። «ለብቻው አይታይም፣ አባ። ከሌላው ጋር ተደምሯል።»

«ድምሩ ጥሩ ነው?»

«ጥሩ ነው።»

«እንግዲያውስ ልጆቹን እዚያ አስጠልልልን» አሉና በትራቸውን ይዘው ተነሡ።

አፈርኩ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት የለም። እስከ በር ድረስ ሸኘኋቸው።

ሐምሌ ላይ ጣሪያ ያላገኘው ጭቃ በዝናብ ወረደ። ሰዉ እንጨቱን እየነቀለ ለየባለቤቱ መለሰ። ጥቅምት ሲገባ ለአዲስ ክፍል መዋጮ ልንጠይቅ ያንን ቀበሌ ስብሰባ ጠራን። እስከ ቀትር ጠበቅን፤ የመጣ ሰው አልነበረም።